ማክሰኞ ዳርት፣ እሑድ ተራራ

እናቴ ከደብረ ብርሃን ስትደውል ሁለት ጥያቄ አታጣም። አንዱ “በላሽ ወይ?” ነው። ሁለተኛው “ዛሬም ከነዚያ ፈረንጆች ጋር መጠጥ ቤት ነሽ?” የሚለው ነው። ማክሰኞ ማታ ከሆነ መልሴ “አዎ” ነው። እሑድ ከሆነ ደግሞ ስልኬ አይገኝም፤ ተራራ ላይ ነኝ። ከመጠጥ ቤቱ ይልቅ የሚገርማት ይኼኛው ነው። “ሰው ያለ ጉዳይ፣ ያለ ንግሥ፣ በዝናብ ተራራ ይወጣል?” ትላለች።

የምኖረው በሰሜን እንግሊዝ፣ ሼፊልድ ከተማ ነው። 9 ዓመት ሆነኝ። ሼፊልድ በብረት ሥራዋ የታወቀች፣ በኮረብታዎች ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ እናንተ ቤት ያለውን አሮጌ ቢላዋ ገልብጣችሁ ብታዩ ስሟ ተቀርጾበት ልታገኙ ትችላላችሁ። ለትምህርት መጥቼ ሥራ ይዤ ቀረሁ። የምሠራው የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የሐበሻ ወዳጆችም አሉኝ፤ ግን አንዷ ሌሊት ትሠራለች፣ ሌላው ቀን። የምንገናኘው ክርስትና፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር ነው። የቀሩትን ቀናት ሰው ብቻውን ነው የሚገፋቸው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ከሥራ ወጥቶ በጨለማ ቤት መግባት፣ በጨለማ መውጣት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ስትሾም እኔና ጓደኞቼ ዜናውን ሰምተን ሳቅን። በቀጣዩ የብርድ ወራት የሳቀ አልነበረም።

እንግሊዞች ክፉ ሰዎች አይደሉም። በር ይይዙላችኋል፣ ስለ አየሩ ያወሯችኋል፣ ይቅርታ ሳያጠፉ ይጠይቃሉ። ነገር ግን “ግቢ፣ ቡና ጠጪ” የሚባል ነገር የለም። ጎረቤቴን ላለፉት 6 ዓመታት በየቀኑ ሰላም እላታለሁ፤ ሳሎኗን ግን አላውቀውም። ፊት ለፊት ተቀምጦ “እስቲ አጫውችኝ” ማለት ይከብዳቸዋል። ጎን ለጎን ቆመው፣ ዓይናቸው ሌላ ነገር ላይ ሆኖ፣ እጃቸው ሥራ ይዞ ከሆነ ግን ልባቸውን ይከፍታሉ። ይህን ያወቅኩት በዳርት ነው።

የሥራ ባልደረባዬ የእነሱ ሰፈር ፐብ ቡድን አንድ ሰው ጎደለው ብላ ወሰደችኝ። እኔ ደግሞ መጠጥ ቤት ማለት ለእኔ አባቴ ከረንቡላ የሚጫወትበት ቤት ነበር። ሴት ልጅ አትገባም፤ “እራት ደርሷል” ለማለት ስላክ በር ላይ ቆሜ የኳሶቹን ግጭት እየሰማሁ እጠብቅ ነበር። የእንግሊዙ ፐብ ሌላ ነው። አሮጊቷ ከነሹራብ ሥራዋ፣ ውሻው ከነጌታው፣ ሕፃኑ ከነጋሪው ይገባል። እኔ አልኮል አልጠጣም። ሎሚና ሶዳዬን ይዤ ስቀመጥ አንድ ቀን እንኳ “ለምን?” ያለኝ የለም።

ዳርት የምትባለው ከእርሳስ የምታጥር፣ ጫፏ ሹል የሆነ ቀስት ናት። የሰሌዳው መሐል ከወለሉ 1 ሜትር ከ73 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ይሆናል፤ ተወርዋሪው የሚቆመው 2 ሜትር ከ37 ርቆ ነው። ሁለቱም ወገን ከ501 ይጀምራል፤ በየተራው 3 ቀስት እየወረወረ ያገኘውን ነጥብ ይቀንሳል፣ ቀድሞ ዜሮ የደረሰ ያሸንፋል። የመጨረሻዋ ቀስት ግን ነጥብን እጥፍ የምታደርገውን ጠባብ የውጭ ቀለበት መምታት አለባት። ተንኮሉ ቁጥሮቹ አቀማመጥ ላይ ነው፤ 20 የተቀመጠው በ1 እና በ5 መካከል ስለሆነ ትልቁን ተመኝቶ በጥቂቱ የሳተ ትንሹን ይዞ ይመለሳል። እና ሒሳቡ! ጥሩ ተጫዋች መጨረሻው ላይ 32 እንዲቀረው ይጥራል። ምክንያቱም እጥፍ 16ን ስቶ ነጠላውን ቢመታ 16 ይቀረዋል፣ ያ ደግሞ እጥፍ 8 ነው፤ ቢስት እጥፍ 4፣ ከዚያም እጥፍ 2። የቡድናችን ሽማግሌ ትምህርት በ15 ዓመታቸው ትተው ብረት ፋብሪካ የገቡ ሰው ናቸው፤ ሲቀንሱ ብታዩ የመርካቶ ነጋዴ ትዝ ይላችኋል። እዚህ ሁሉም ሰው በስሙ ስለሚጠራ እኔም በስማቸው ነው የምጠራቸው። በልቤ ግን “ጋሼ” ናቸው።

እሳቸው ደግሞ እኔን “ሎቭ” ይሉኛል። በሼፊልድ “ሎቭ” የማይባል የለም፤ የአውቶቡስ ሹፌሩም ወንዱን ተሳፋሪ ሳይቀር “ሎቭ” ይላል። ለባሎቻችሁ ቀድማችሁ ብታስረዱ ጥሩ ነው።

የሒሳብ አከፋፈሉም የራሱ ሕግ አለው። “እኔ ልክፈል፣ በእናቴ!” ተብሎ እጅ አይያያዙም። አንዱ ተነሥቶ ለሁሉም ይገዛል፤ ቀጥሎ ሌላው። ማንም የማይጽፈው፣ ማንም የማይረሳው ተራ ነው። ተራው ሲደርስ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ለዓመታት ይታወሳል። ጨዋታው ሲያልቅ ባለ ቤቱ ፐብ ለሁለቱም ቡድኖች ሳንድዊችና ድንች ያቀርባል፤ ተሸናፊ ተኮራርፎ የሚሄድበት የለም።

በየፐቡ ጥግ ብልጭ ድርግም የሚሉ የቁማር ማሽኖች እንዳሉም ልንገራችሁ። ደመወዙን እዚያ ያራገፈ የአገሬን ልጅ አውቃለሁ። ብቸኝነት የሚያመጣን ሰው ማሽኑ ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው ለአዲስ መጪ “ፐብ ሂድ” ብዬ የማላቆመው፤ “ቡድን ያለበት ፐብ፣ የታወቀ ቀን ሂድ” እላለሁ።

ወደ እሑድ ልለፍ። ከሼፊልድ ባቡር ከተሳፈርን 40 ደቂቃ ሳይሞላ ኤዴል የምትባል መንደር እንወርዳለን። ከፊታችን ኪንደር ስካውት አለ፤ የፒክ ዲስትሪክት ከፍተኛው ቦታ ነው፣ 636 ሜትር። አትሳቁ። የብሪታንያ ትልቁ ተራራ ቤን ኔቪስ ራሱ 1,345 ሜትር ነው፤ ሐዋሳ ትበልጠዋለች። እኔ ከ2,700 ሜትር በላይ ተወልጄ 636 ሜትር ላይ የማለከልክበት ምክንያት ጭቃው ነው። አናቱ ጥቁር ረግረግ ነው፣ እስከ ጉልበት ይውጣል። ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ከፊታችሁ ያለው ሰው ይጠፋል። ስለዚህ መሪው ካርታና ኮምፓስ ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ማንም እንዳይቀር ከኋላ ይጠብቃል።

ምሳ ሰዓት ሁሉም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የየራሱን ሳንድዊች ከየራሱ ቦርሳ ያወጣል። እኔ ቆሎ ይዤ ዞርኩ። በመጀመሪያው ቀን አንዳንድ ፍሬ አነሡ፤ “አመሰግናለሁ” አሉ። በጣት ሳይሆን በመዳፍ እንደሚታፈስ አሳየኋቸው። አሁን “ያ ገብስ አለ?” ብለው ቀድመው ይጠይቃሉ።

ይህ ተራራ ታሪክ አለው። ድሮ ባለርስቶች ለወፍ አደን አጥረው ይዘውት፣ ተራው ሰው እንዳይረግጠው ጠባቂ ያቆሙበት ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1932 በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ከማንቸስተር የመጡ ወጣት ሠራተኞች “እንገባለን” ብለው ወጡበት፤ ከሼፊልድ ወገን የመጡም ከላይ ተቀላቀሏቸው። ከጠባቂዎቹ ጋር ግብግብ ሆነ፤ 5 ወጣቶች ታሰሩ። ፒክ ዲስትሪክት እ.ኤ.አ. በ1951 የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ክፍት በሆነ መሬት ላይ በእግር የመሄድ መብትም በ2000 በወጣ ሕግ ለእንግሊዝና ለዌልስ ተደነገገ። ይህን የነገሩኝ ዝናብ ውስጥ፣ ሻይ ከፔርሙስ እየቀዱ ነው። የወላጆቼ ትውልድ “መሬት ላራሹ” ያለው ለማረስ ነበር። እነዚህ የታሰሩት ለመራመድ ብቻ ነው። ደግሜ ሳስበው ግን ሳምንቱን ሙሉ ፋብሪካ ጭስ ውስጥ የዋለ ሰው እሑድ አየር መጠየቁ ምን ይገርማል?

ባለፈው ዓመት አባቴ አረፈ። መርዶውን የነገሩኝ የሐበሻ ጓደኞቼ ናቸው፣ እንደ ወጉ ጎሕ ሳይቀድ መጥተው። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ቤቴ በጫማና በሰው ሞላ፣ ፍራሽ ተዘረጋ። ማክሰኞ አልፎ ረቡዕ ማታ በሩ ተንኳኳ። ጋሼና ባልደረባዬ ነበሩ፤ “ትናንት አላየንሽም” አሉ። አንዳቸው የሐዘን ካርድ፣ አንዳቸው ኬክ ይዘዋል። እንደ አገራቸው ልማድ ካርዱን ሰጥተው በር ላይ ሊመለሱ ነበር። አንዲት እናት ግን እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው። ጋሼ ዙሪያውን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ምን ማድረግ አለብኝ?” ብለው ጠየቁኝ።

“መቀመጥ ብቻ” አልኳቸው።

ጫማቸውን አውልቀው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። በዚያ ጉልበታቸው። ንፍሮ ቀረበላቸው፣ በመዳፍ አፈሱ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከማይገባቸው ቋንቋ መሐል ተቀመጡ። ሲወጡ ስለ አባቴ ጠየቁኝ። ከረንቡላ እንደሚወድ ነገርኳቸው። “እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር?” አሉ። “አይንቀጠቀጥም” አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ የበለጠ ማጽናኛ አላሰቡም፣ እኔም አልፈለግኩም። በ15ኛው ቀን እሑድ ተራራ ስወጣ ከኋላ የሚጠብቀው ሰው ከጎኔ ሆኖ 12 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። የተናገረው ስለ ደመና ብቻ ነበር።

ያም ሆኖ እስከ ዛሬ አንዳቸውም ቤታቸው አልጠሩኝም፤ እኔም ከእንግዲህ አልጠብቅም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ በዚህ አገር ፐቦች በየጊዜው ይዘጋሉ፣ የእኛውም ባለቤት የመብራት ሒሳቡን ባሳየን ቁጥር ይተነፍሳል። ከተዘጋ ሰሌዳውን ነቅለን ሌላ ቤት እንፈልጋለን ተባብለናል።

በቅርቡ ደግሞ ከሐዋሳ የመጣች ተማሪ ተዋወቅኩ። ከመጣች 4 ወር ሆኗታል፤ ቅዳሜና እሑድ ከክፍሏ አትወጣም። የተራራ ጫማ አዲሱ ውድ ነው፤ ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት የበጎ አድራጎት ሱቅ ወሰድኳት። ያገኘነው ጫማ አንድ ቁጥር ይሰፋታል። ሁለት ካልሲ ደርባ እሑድ ጠዋት ባቡር ጣቢያ እንድትጠብቀኝ ተቀጣጥረናል፤ ቆሎውን እሷ ትቆላለች።