አጥንቱ ገጠመ፣ ጣቷስ?

በቢቸናና በሞጣ ገጠር ጣት የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ ሥራ ላይ ነው፤ በሬ ሲጠመድ በቀንበርና በማነቆ መካከል ትያዛለች፣ ድንጋይ ሲፈነቀል ትጨፈለቃለች። ሰውየው “ጣት ደግሞ ምን አላት!” ብሎ በጨርቅ ይጠመጥማታል፤ ካልሆነም ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ይታመናል። ክፉው ነገር ወጌሻው ስብራቱን የሚደግፍበት ሽምበቆ ጠብቆ ሲታሰር ነው፤ ደም ሳይደርስ ቀርቶ እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ጣቷ ከጠቆረች፣ ከቀዘቀዘች ወይም ከደነዘዘች እስሩ ወዲያው ይላላ። በሁለቱም ከተሞች ሆስፒታል አለ፤ ቆዳዋ የተቀደደ ወይም ስትታጠፍ በሌላዋ ላይ የምትሻገር ጣት እዚያው ትታይ። ቀለበት ካለ እብጠቱ ሳይበረታ ይውለቅ።

ሰው ልብ የማይለው ሌላ ጉዳት አለ፤ አጥንቱ ገጥሞ ጣቷ ትደርቃለች። ጣትን የሚያጥፉት ዋና ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው። ከዚያ የሚመጣው ጅማት አጥንቱን ተጠግቶ ስለሚያልፍ፣ ስብራቱ አብጦ ሳይንቀሳቀስ ሲከርም ይጣበቃል። በዚያ ላይ የመሃል፣ የቀለበትና የትንሿ ጣት ማጠፊያ ጅማቶች ከአንድ ጡንቻ ስለሚነሱ፣ አንዷ ስትደርቅ የሌሎቹም ጭበጣ ይላላል። እርፍ የሚይዝ ገበሬ ይህን ቶሎ ያውቀዋል።

ስለዚህ ሐኪሙን “ገጠመ ወይ?” ብቻ ሳይሆን “መቼ ላንቀሳቅሳት?” ማለት ያስፈልጋል። አብዛኛው የጣት ስብራት ራጁ ላይ ስንጥቁ ለወራት ቢታይም፣ በ3 ወይም በ4 ሳምንት ለቀላል እንቅስቃሴ የሚበቃ ጥንካሬ ያገኛል። አጥንቱ ቦታውን ካልለቀቀ፣ አጠገቧ ካለችው ጣት ጋር በፕላስተር ታስራ በቀናት ውስጥ እንድትታጠፍ ሊፈቀድ ይችላል። ያልተጎዱት ጣቶች፣ ክርንና ትከሻ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይንቀሳቀሱ፤ እጅም ከልብ ከፍ ብሎ ይዋል።

ሲፈቀድ ጣቶች መጀመሪያ ቀጥ ብለው ይዘርጉ፤ ቀጥሎ የላይኞቹ ሁለት መገጣጠሚያዎች ብቻ ታጥፈው እንደ ማጭድ ይቆልመሙ፤ ከዚያ ሙሉ ጡጫ። በቀስታ፣ በቀን ደጋግሞ። ሌላ ሰው ይዞ አይጠምዝዝ፣ አጥብቆም አይሽ፤ እብጠቱን ይመልሰዋል። ሕመሙና እብጠቱ እስከ ማግስቱ ከቆየ ልምምዱ በዝቷል።

ጫፏ ወድቆ ራሷን ማቅናት ያቃታት ጣት ግን ሕጓ ሌላ ነው። 6 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ፣ ሌትና ቀን፣ ጫፏ ቀጥ ብሎ ይታሰራል። ለመታጠብ ሲፈታ እንኳ ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ ትዘርጋ፤ አንዴ ከታጠፈች ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል።