ኒውዮርክን ዋንጫ ያሳጣችው ያልተነካች ቤዝ

በእግር ኳስ ኳሱ መረብ ውስጥ ካረፈና ዳኛው ወደ መሀል ካመለከተ ጎል ጎል ነው፤ ቫር የሚሉት ነገር መጥቶ እስኪያምሰን ድረስ ማለት ነው። ቤዝቦል ግን ገና ከጥንቱ ጉደኛ ነው። አንዱ ተጫዋች ሮጦ የማሸነፊያዋን ነጥብ አስቆጥሮ፣ ሌላው ጓደኛው 27 ሜትር የምትሆን ሩጫ ስላልጨረሰ ብቻ ነጥቧ እንዳልነበረች ትሆናለች።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ሜዳው ላይ አራት ማረፊያዎች አሉ፤ ቤዝ ይባላሉ። መቺው ኳሷን በዱላ መትቶ ወደ አንደኛው ይሮጣል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዞሮ መነሻው ላይ ሲደርስ አንድ ነጥብ ነው። አንድ ቤዝ ላይ ሁለት ሰው መቆም አይችልም። ስለዚህ መቺው ወደ አንደኛው ሲመጣ እዚያ የነበረው ወደደም ጠላም ለቆ ወደ ሁለተኛው መሮጥ አለበት። እሱ ሳይደርስ ተከላካዩ ኳሷን ይዞ ሁለተኛውን ቤዝ ከረገጠ ሯጩ አውት ነው፤ ሰውየውን መንካት እንኳ አያስፈልግም። ሦስት ሰው አውት ከሆነ የመምታት ተራው ያበቃል። ዋናዋ ነገር እዚህ ጋ ናት፦ ሦስተኛው ሰው የወጣው በዚህ የግዴታ ሩጫ ከሆነ፣ በዚያው ምት የገባ ነጥብ ቀድሞም ቢገባ አይቆጠርም።

ይህቺ ሕግ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1908 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው) ኒውዮርክ ውስጥ ጉድ አፈላች። በፖሎ ግራውንድስ ስታዲየም ጃያንትስና የቺካጎው ካብስ ለሊጉ ዋንጫ አንገት ለአንገት ተያይዘዋል። ውጤቱ 1 ለ 1፣ ዘጠነኛው የመጨረሻ ዙር፣ ሁለት ሰው አውት። ሙስ ማኮርሚክ ሦስተኛው ቤዝ ላይ፣ የ19 ዓመቱ ፍሬድ መርክል አንደኛው ላይ ቆመዋል። መርክል የተሰለፈው ቋሚው ፍሬድ ቴኒ ወገቡን ስላመመው ነው፤ በዚያ ዓመት በቋሚነት ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። አል ብሪድዌል ኳሷን ወደ መሀል ላካት። ማኮርሚክ ገባ። 2 ለ 1! ደጋፊው ሜዳውን አጥለቀለቀው። መርክልም ሁለተኛው ቤዝ ሳይደርስ ታጥፎ ወደ መልበሻ ክፍሉ ፈረጠጠ።

የካብሱ ጆኒ ኤቨርስ ግን አልጨፈረም፣ አላለቀሰም። ኳሷን አምጡ ብሎ ጮኸ። የጃያንትሱ ጆ ማክጊኒቲ ነገሩ ገብቶት ኳሷን ቀምቶ ወደ ተመልካቹ ወርውሯታል የሚሉ አሉ፤ ኤቨርስ ይዟት ሁለተኛው ቤዝ ላይ የቆማት ኳስ የትኛዋ እንደሆነች ሲያከራክር ኖሯል። ዳኛው ሃንክ ኦዴይ መርክል አውት ነው፣ ነጥቧም አትቆጠርም አለ። ሜዳው በሰው ተሞልቷል፣ እየመሸም ነው፤ ጨዋታው እኩል ለእኩል ተባለ።

እዚህ ላይ ለልጁ መከራከር ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን የማሸነፊያዋ ነጥብ ከገባች በኋላ ቀሪው ሯጭ ወደ መልበሻ ቤት መሮጡ የተለመደ ነበር፤ ሕጉ ተጽፎ ተቀምጧል እንጂ የሚያስከብረው አልነበረም። እንዲያውም ከ19 ቀን በፊት ፒትስበርግ ላይ ዋረን ጊል የተባለ ተጫዋች ይህንኑ አድርጎ፣ ይኸው ኤቨርስ ለዚሁ ለኦዴይ አቤት ብሎ ነበር። ኦዴይ ያኔ አላየሁም ብሎ አለፈው። ኤቨርስ ስለዚህ ዳኛውን አስቀድሞ አስተምሮታል ማለት ይቻላል። ኦዴይ ሕጉን አልጣሰም። ግን ትናንት ሲታለፍ የኖረውን ዛሬ ዋንጫ በሚወሰንበት ጨዋታ ማስከበር፣ ያውም ገና ልምድ በሌለው ልጅ ላይ፣ ይከብዳል።

የሊጉ ፕሬዚዳንት ሃሪ ፑሊያም ውሳኔውን አጸደቀ። ሁለቱ ቡድኖች የውድድር ዓመቱን እኩል 98 አሸንፈው 55 ተሸንፈው ጨረሱ። ኦክቶበር 8 በድጋሚ ገጠሙ፤ ካብስ 4 ለ 2 አሸነፈ፤ ቀጥሎም ዲትሮይትን ረትቶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ይህንን ክብር ያገኘው በ2016 ነው፤ 108 ዓመት ጠብቆ! መርክል «ደንቆሮው» የሚል ስም ወጣለት። አሰልጣኙ ጆን ማግሮው ግን ጥፋቱን በልጁ ላይ አልጣለም፣ አላባረረውምም። መርክል ለዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ አምስት ጊዜ ደርሶ አምስቱንም ተሸንፏል። አንዱን ማ ለብሶ ቢሉ፣ የካብስን ማሊያ፣ በ1918።

ሕጉ ዛሬም አለ፣ ዛሬም ጉድ ያሳያል። ኦክቶበር 17 ቀን 1999 የኒውዮርኩ ሜትስ ከአትላንታ ጋር 3 ለ 3 ሆኖ 15ኛው ዙር ላይ ደርሷል። ሦስቱም ቤዞች ሰው አለባቸው። ሮቢን ቬንቱራ ኳሷን ከአጥር በላይ አሳለፋት፤ ሁሉም ቢዞሩ አራት ነጥብ ነበር። ነገር ግን ከአንደኛው ቤዝ የተነሳው ቶድ ፕራት በደስታ ወደ ኋላ ተመልሶ ቬንቱራን አቅፎ አነሳው፤ ሌሎቹም ተረባረቡበት። ቬንቱራ የረገጠው አንደኛውን ቤዝ ብቻ ነው። ከሦስተኛው የተነሳው ሮጀር ሴዴኞ ግን መግቢያዋን ነክቷልና አሸናፊዋ ነጥብ ጸናች። ውጤቱ 4 ለ 3 ሆኖ ተመዘገበ፤ አጥር የዘለለችው ያቺ ኳስም በመዝገቡ ላይ አንድ ቤዝ ብቻ ያስገኘች ምት ተብላ ተቀምጣለች።