ቴፑ ሲዞር ማደሩ ምን ያረጋግጣል?

«ሲስተም የለም» የማይባልበት መሥሪያ ቤት ዛሬ ማግኘት ይቸግራል። መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ፣ ሞላሌም ሆነ ራቤል፣ ወረቀቱን ይዞ መስኮት ላይ የቆመ ባለጉዳይ ቃሏን ለምዷታል። ብዙውን ጊዜ ሲስተሙ ከሰዓታት በኋላ ይመለሳል። ሳይመለስ የቀረ ዕለት ግን ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ትናንት ማታ የተቀዳው የት አለ? ባካፓቸውን (መጠባበቂያ ቅጂያቸውን) በቴፕ የሚይዙ ድርጅቶች «አለን» ብለው ካርትሬጆቹን ከነቀናቸው ደርድረው ያሳያሉ። ካርትሬጆቹስ አሉ። ውስጣቸው ያለውን ከፍቶ ያየ ሰው ግን ከስንት አንድ ነው። በዚህ ዙሪያ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉ፣ እውነት የሚመስሉ አባባሎች አሉና ጥቂቶቹን እንያቸው።

«ሎጉ ተጠናቋል ካለ ባካፑ አለ ማለት ነው»

ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ። በአገራችን የብዙ ድርጅቶች ሒሳብ የሚያዘው ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ የቀኑን ቫውቸር ስትመዘግብ ትውልና 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስክሪኑን አጥፍታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ኮምፒውተሩ ግን አልጠፋም፤ ፒችትሪም አልተዘጋም። ሌሊት የባካፕ ፕሮግራሙ የድርጅቱ ፎልደር ጋ ሲደርስ ፋይሎቹ በሌላ ፕሮግራም ተይዘዋል። ስለዚህ ዘሏቸው ያልፋል። የሠራተኞችን ፎቶ፣ የቆዩ ደብዳቤዎችን፣ የማንም ያልሆኑ የኤክሴል ሠንጠረዦችን አንድ በአንድ ይቀዳል፤ ድርጅቱ የሚኖርበትን ሒሳብ ብቻ ይተዋል። ጠዋት ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ሎግ «ከማስጠንቀቂያ ጋር ተጠናቋል» ይላል። አይቲው «ተጠናቋል» የምትለዋን አይቶ ካርትሬጁን ያወጣል፣ ቀን ይጽፍበታል፣ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይህ ስድስት ወር ሊቀጥል ይችላል፤ ማንም አይነቃም።

«ቬሪፋይ እናደርጋለን» የሚሉም አሉ። ቬሪፋይ ቴፑ ላይ የተጻፈው ከተቀዳው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጣል እንጂ ሳይቀዳ የቀረ ነገር መኖሩን አይነግራችሁም። መፍትሔው የቴክኖሎጂ ምጥቀት አይጠይቅም። መጀመሪያ ፒችትሪ ወይም ዳታቤዙ ራሱ፣ ተጠቃሚዎች ሁሉ ከወጡ በኋላ፣ የራሱን ባካፕ ዲስክ ላይ ያውጣ፤ ቴፑ ያንን ይቅዳ። ጠዋት ሎጉ ሲነበብ ዓይን መጀመሪያ የተዘለሉት ፋይሎች ዝርዝር ላይ ይረፍ፤ ቀጥሎ መጠኑ ከትናንቱ ጋር ይነጻጸር። ትናንት 80 ጊጋባይት የነበረው ዛሬ 12 ከሆነ ሎጉ ምንም ይበል ምን አንድ ነገር ጎድሏል። ከዚያ በወር አንዴ ከቴፑ ላይ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይመለስና የሒሳብ ሠራተኛዋ ራሷ ተቀምጣ ትክፈተው። የመጨረሻውን ቫውቸር ቁጥር የምታውቀው እሷ ናት፤ አይቲው አያውቀውም።

እዚህ ላይ ከኮምፒውተር ወጣ ብዬ ስለ ብራና ላንሳ፤ ምክንያቱም ከላይ የጠቀስኳቸው ከተሞች ያሉበት የመንዝና ግሼ፣ የመርሐ ቤቴም አገር ከሰርቨር በፊት ትልቅ ባካፕ ያየ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሁለት የአሜሪካ ተቋማት፣ ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅቪል፣ ሚኒሶታ ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳምና ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር ሆና በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመረች። ፊልም አንሺዎቹ ወደ ሸዋ አውራጃዎችም ዘልቀዋል፤ መንዝና ግሼም መርሐ ቤቴም በኋላ በተዘጋጀው ካታሎግ ውስጥ በስማቸው ይገኛሉ። ሥራው እስኪያበቃ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ሕዝቡ ዘንድ «ብራናዎቻችን ያኔ አሜሪካ ተጫኑ» የሚል ወሬ ዛሬም አልጠፋም። ወደዚያ የሄደው ግን የፊልም ቅጂው ነው፤ ብራናው ተነሥቶ ወደ ባለቤቱ ዕቃ ቤት ነው የተመለሰው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከማንሳቱ በኋላ የሆነው ነው። ፊልሙ ሳጥን ውስጥ ገብቶ «አለን» ተብሎ አልተተወም። መጀመሪያ ዊልያም ማኮምበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ደግሞ የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ጥቅል በጥቅል እያነበቡ የየመጽሐፉን ይዘት መዘገቡ። ከዚያ ሥራ የወጡት አሥር የካታሎግ ቅጾች እስከ 5,000ኛው ቁጥር ይደርሳሉ። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተርን ሽልማት ያገኙ፣ በ2021 ያረፉ ሊቅ ናቸው። አንድ ሰው ተቀምጦ ስላነበበው የትኛው ቅጠል እንደጎደለ፣ የትኛው ገጽ እንደደበዘዘ ታወቀ። ባካፕን ከቴፕ መልሶ ማውጣት (ሪስቶር) ማለት ይኸው ንባብ ነው።

«ቴፕ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው»

አላለፈበትም። ዛሬ የተለመደው ኤልቲኦ የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ እየታደሰ ነው፤ በ2021 የወጣው ዘጠነኛው ትውልድ በአንድ ካርትሬጅ 18 ቴራባይት ይይዛል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ጎግል በሶፍትዌር ስሕተት የጥቂት ጂሜይል ተጠቃሚዎች ደብዳቤ ከሁሉም ዲስኮቹ ላይ ሲጠፋበት መልሶ ያመጣው ከቴፕ ነው። ስሕተቱ ዲስኮቹ ላይ ያለውን ቅጂ ሁሉ ሲያዳርስ ከመስመር ውጪ የተቀመጠው ቴፕ አልተነካም ነበር። ሳጥኑ ላይ «45 ቴራባይት» ተጽፎ ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ያ ቁጥር መረጃው ተጨምቆ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይገባል ተብሎ የተሰላ ነው። ስካን የተደረገ ሰነድና ፎቶ አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ ተጨማሪ አይጨመቅም። «ቴፑ ሳይሞላ ሞላሁ አለ» የሚባለው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

«አገራችን ደጋ ነው፤ ዕቃ አይሞቅም፣ አይበላሽም»

ብርዱስ እውነት ነው። የከፍታውን ነገር ግን ሰው ይረሳዋል። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይዘላል፤ የመንዝ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ይደርሳል። የብዙ ሰርቨሮችንና ሃርድ ዲስኮችን መግለጫ ብታነቡ ደግሞ እየሠሩ የሚቆዩበት ከፍታ እስከ 3,050 ሜትር ገደማ ነው የሚል ታገኛላችሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሃርድ ዲስክ ጭንቅላት ከሳሕኑ በላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ዝቅ ይላል። ፋኑም ቢሆን በየዙሩ የሚገፋው አየር ያንሳል፣ ስለዚህ ሙቀት በደንብ አይወጣም። በዘርፉ መመሪያ መሠረት ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። ቆላ ላይ 35 ዲግሪ የሚችል ሰርቨር 3,000 ሜትር ላይ 28 ገደማ ነው የሚችለው። በሂሊየም የታሸጉ ዲስኮች የጭንቅላቱ ችግር የለባቸውም። እንግዲህ ከሰርቨሩ ዲስክ ማንበብ እየከሸፈ «ቴፑ ነው» ተብሎ የቴፕ ድራይቩ የሚከሰስበት ጊዜ ይኖራል፤ የሰርቨሩን ሎግ ከባካፑ ሎግ ጎን ማየት ለዚህ ነው።

ብርዱም ራሱ ጣጣ አለው። ቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ካርትሬጅ ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲገባ ጤዛ ይቋጥራል። ከተቀመጠበት ወደ ሰርቨሩ ክፍል መጥቶ ከመጫኑ በፊት እስከ 24 ሰዓት እዚያው ይረፍ። ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ደግሞ መኪናው ጀማን እስኪሻገር በመስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ አይቀመጥ።

«ኤረር ሲያመጣ በክሊኒንግ ቴፕ ማጠብ ነው»

ድራይቩ ሲጠይቅ ብቻ። የጽዳት ካርትሬጅ ጭንቅላቱን እየፈተገ ነው የሚያጸዳው፤ ሲበዛ ይጎዳዋል። ዕድሜውም ቢበዛ 50 ጊዜ ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቢጨምሩት ድራይቩ ሳይጠቀምበት ይተፋዋል፣ ባለሙያው ግን «አጽድቻለሁ» ብሎ ይሄዳል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የስሕተቱን መልእክት አንብቦ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መሞከር ነው። ያንኑ ሥራ በአዲስ ካርትሬጅ ድገሙ፤ ከሠራ ጥፋቱ የአሮጌው ነው። በአዲሱም ከከሸፈ ገመዱን፣ ቀጥሎ ድራይቩን ተመልከቱ። ኤልቲኦ ካርትሬጅ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጫነና ምን ስሕተት እንዳጋጠመው የሚመዘግብ ትንሽ ቺፕ አለ፤ የድራይቩ አምራች ነጻ የምርመራ ፕሮግራም ያነብበዋል። ሦስቱን ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ምን እንደዳነ እንጂ ምን እንደታመመ አያውቅም። አሮጌ ኤልቲኦ ቴፕ በኃይለኛ ማግኔት «ጠርጌ አድሰዋለሁ» የሚልም አይጠፋም፤ ማግኔቱ ፋብሪካ የጻፈውን የመስመር ምልክት አብሮ ያጠፋዋልና ካርትሬጁ ከዚያ ወዲያ ዕቃ አይሆንም።

«ስታብላይዘር አለን» ደግሞ ለመብራት የሚሰጠው መልስ ነው። ስታብላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ኃይል ያስተካክላል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ቴፕ እየተጻፈ መሐል ላይ ኃይል ከተቋረጠ የመረጃው መጨረሻ ምልክት ሳይጻፍ ይቀርና በላዩ መቀጠል የማይቻልበት ጊዜ አለ። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው ዩፒኤስ ለሰርቨሩ ብቻ ተሰክቶ ድራይቩ ከግድግዳ የሚጠጣ ከሆነም ያው ነው።

«ካዝና ውስጥ ነው፤ እሳት አይደርስበትም»

የወረቀት ካዝና የሚሠራው ወረቀት እንዳይቃጠል ነው፤ ውስጡ እስከ 177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስ ወረቀቱ ይተርፋል። ለቴፕ የተሠራ ካዝና ግን ውስጡ ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት እንዲቆይ ነው የሚጠበቀው። በተራ ካዝና ውስጥ ደረሰኙ ይተርፍና ቴፑ ይበላሻል። ለነገሩ የሚፈራው እሳት ብቻ አይደለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ከሰርቨሩ ጋር አንድ ክፍል የተቀመጠ ካርትሬጅ ለማን ይተርፍ ነበር? አንዱ ቅጂ ሌላ ከተማ ይደር።

በመጨረሻ፣ የውጭ መጽሐፍ የማይነግራችሁ አንድ ብልሽት አለ፤ ከቀን መቁጠሪያችን የሚመጣ። የባካፕ ፕሮግራም የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ነው። «የወር መጨረሻ ቴፕ፣ ለዘለቄታው ይቀመጥ» ተብሎ ሲታዘዝ ጁን 30 ሌሊት ይቀዳል። ያ ቀን ሰኔ 23 ነው። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30፣ ማለትም ጁላይ 7 ነው፤ ማስተካከያ ሁሉ የሚመዘገብበት የመጨረሻው ሳምንት በዓመታዊው ቴፕ ላይ የለም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ኃላፊው «ሌሊት 8 ሰዓት ይጀምር» ሲል አንዱ 8 ፒኤም ብሎ ይሞላዋል፤ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። የሰኔ ሒሳብ ሊዘጋ የሚያመሽ ሠራተኛ ያን ሰዓት ፒችትሪ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ላይ 2 ኤኤም ይሞላ፤ ለዓመታዊው ቴፕ ጁላይ 8 ንጋት ላይ ለብቻው ይታዘዝ፤ የሒሳብ ክፍሉ ማስተካከያውን ሲጨርስ ደግሞ አንድ ጊዜ ይደገም። ካርትሬጁ ላይ ሁለቱም ቀን ይጻፍ።