ኦፕሬቲንግ ሲስተም በቨርቹዋል ማሽን ላይ አልጫን ሲል

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር ነው። ከዋናው ማሽን ፕሮሰሰር፣ ራምና ዲስክ ድርሻ ተቆርጦለት የራሱን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያስነሳል። አይቢኤም ቪኤም/370 የተባለውን ሥርዓት ለትልልቅ ኮምፒውተሮች ያቀረበው በ1972 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በነፃ የሚገኘው የቨርቹዋል ማሽን መፍጠሪያ ሶፍትዌር፣ ቨርቹዋልቦክስ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ወጣ። በኮልፌ ቀራኒዮ፣ አየር ጤና ወይም ዓለም ባንክ አካባቢ በአንድ ላፕቶፕ ሙያውን ለሚለማመድ ወጣት ቨርቹዋል ማሽን ትልቅ ዕድል ነው፤ ሁለተኛ ኮምፒውተር ሳይገዛና ያሉትን ፋይሎች ሳያጠፋ ሊኑክስንም ዊንዶውስንም ደጋግሞ መጫን ይችላል። ጭነቱ ሲከሽፍ ጥፋተኛ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከጭነቱ በፊት በተደረገው ዝግጅት ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ፕሮሰሰሩ ነው። ኢንቴል ከ2005፣ ኤኤምዲ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቨርቹዋል ማሽን የሚያግዝ አቅም በፕሮሰሰሮቻቸው ላይ ጨምረዋል፤ በባዮስ ውስጥ የኢንቴሉ ቪቲ-ኤክስ፣ የኤኤምዲው ኤስቪኤም በሚል ስም ይገኛል። ይህ ከተዘጋ ቨርቹዋልቦክስ የ32 ቢት ምርጫዎችን ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ኮምፒውተሩን አስነስቶ ባዮስ ውስጥ በመግባት መክፈት ያስፈልጋል። ተከፍቶም ካልሠራ፣ የዊንዶውስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት የሆነው ሃይፐር-ቪ አቅሙን ይዞት እንደሆነ ይታያል።

ቀጥሎ የመጫኛው ፋይል ይፈተሻል። የኡቡንቱ 24.04 ዴስክቶፕ ፋይል ከ5 ጊጋባይት ይበልጣል፤ ፋይሉ የሚመጣበት ፍላሽ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ባዶ ቦታ እያለው ፍላሹ «ፋይሉ ትልቅ ነው» የሚለው ለዚህ ነው። በውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጦ በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ይፈታዋል። ኢንተርኔት እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ደግሞ ሙሉ መስሎ ጭነቱን መሀል ላይ ያስቆማል። የፋይሉን ኤስኤችኤ-256 ቁጥር አሳታሚው ካወጣው ጋር ማመሳከር ጥርጣሬውን ይቆርጣል።

ሦስተኛው የድርሻ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክ፣ ሁለት ኮርና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ቨርቹዋልቦክስ ይህን ቲፒኤም ማቅረብ የጀመረው ከ7.0 እትም ወዲህ ነው። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ከግማሹ በላይ ለቨርቹዋል ማሽኑ መስጠት ዋናውን ኮምፒውተር ያንቀዋል።

ማሽኑ ሲነሳ የሚያስነሳው ነገር አላገኘሁም ካለ፣ የመጫኛው ፋይል በቨርቹዋል ሲዲ ማጫወቻው ውስጥ አልገባም ማለት ሊሆን ይችላል። ጭነቱ አልቆ እንደገና ወደ መጫኛው ከተመለሰ ፋይሉ መውጣት አለበት። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ የቪዲዮ ሜሞሪውን ወደ 128 ሜጋባይት ከፍ ማድረግ ይሞከራል።

በጭነት መሀል መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ከተዘጋ፣ የተጀመረውን ከመጠገን ቨርቹዋል ዲስኩን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ይሻላል። ባትሪን አስቀድሞ መሙላት፣ ጭነቱ እንዳለቀም ስናፕሾት (የማሽኑን የወቅቱ ሁኔታ ቅጂ) መያዝ ሥራውን ከድግግሞሽ ያድናል። በማንኛውም ደረጃ የስህተት መልእክቱን መጻፍና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ይገባል፤ ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ መፍትሔው የትኛው እንደነበር አይታወቅም።