ባለቤት ያለው ስፖርት

የቪዲዮ ጌም ውድድር ወይም ኢ-ስፖርት አሁን የሚታወቅበትን መልክ የያዘው በደቡብ ኮሪያ ነው። ከዚያ በፊትም ውድድር አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ «ስፔስዋር» በተባለ ጌም ግጥሚያ ተደርጓል፤ በ1980 ደግሞ አታሪ ኩባንያ ባዘጋጀው የ«ስፔስ ኢንቬደርስ» ሻምፒዮና ከ10,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ቋሚ ሊግ፣ ደመወዝተኛ ተጫዋች፣ ደጋፊ ያለው ቡድንና ለጌም ብቻ የቆመ የቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ላይ የተገኙት ግን በሴኡል ነው።

ነገሩ ከችግር ይጀምራል። የ1997ቱ የእስያ የገንዘብ ቀውስ ኮሪያን ሲመታ ብዙ ሠራተኛ ከሥራው ተፈናቀለ። ከተፈናቀሉት አንዳንዶቹ በቀረቻቸው ጥሪት ኮምፒውተር ደርድረው በሰዓት የሚያስከፍሉ «ፒሲ ባንግ» የሚባሉ ቤቶችን ከፈቱ። መንግሥትም ኢኮኖሚውን ለማነቃቃት ፈጣን ኢንተርኔት በአገሪቱ ዘረጋ። በ1998 የአሜሪካው ብሊዛርድ ኩባንያ «ስታርክራፍት»ን ለገበያ ሲያቀርብ ቤቱም መስመሩም ዝግጁ ነበር። በ2000 የአገሪቱ የኢ-ስፖርት ማኅበር ኬስፓ ተቋቋመ፤ ኦንጌምኔት የተባለው የጌም ጣቢያም ሥራ ጀመረ። በ2004 በቡሳን ከተማ፣ በጓንጋሊ የባሕር ዳርቻ የተካሄደውን ፕሮሊግ የተባለውን የ«ስታርክራፍት» ሊግ ፍጻሜ ለማየት ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደወጣ ተዘግቧል።

ጌም የማይጫወት ሰው «ሌላው ሲጫወት ማየት ምን ይጥማል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ በጌሙ ውስጥ አለ። በ«ስታርክራፍት» ሁለቱ ተጋጣሚዎች ሀብት ይሰበስባሉ፣ ሠራዊት ይገነባሉ፤ አንዱ የሌላውን ዝግጅት ሰላይ ካልላከ በቀር አያይም። ተመልካቹ ግን ሁለቱንም ወገን ያያል። ያደፈጠውን ጦርም፣ ሳያውቅ ወደዚያው የሚገሰግሰውንም አስቀድሞ ስለሚያውቅ ልቡ ይንጠለጠላል። ከተመልካቹም ብዙው ያንኑ ጌም ቤቱ የሚጫወት በመሆኑ የእያንዳንዱን ውሳኔ ክብደት ይረዳል። ይህ ጉጉት እንደማንኛውም የስፖርት ጉጉት እውነተኛ ነው፤ የወጣት ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አድርጎ ማየት የነገሩን ጉልበት መሳት ይሆናል።

ጉጉቱ ከኮሪያ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በ2011 ነው ማለት ይቻላል። ጨዋታን በኢንተርኔት በቀጥታ የሚያሰራጨው ትዊች በዚያ ዓመት ተከፈተ። ቫልቭ ኩባንያ በጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ ባካሄደው የመጀመሪያው የ«ዶታ 2» ዓለም አቀፍ ውድድር የዩክሬኑ ናቱስ ቪንሴሬ ቡድን አሸንፎ 1 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የ«ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» የዓለም ሻምፒዮናም በዚያው ዓመት በስዊድን ጀመረ። ከሦስት ዓመት በኋላ የዚሁ ሻምፒዮና ፍጻሜ ለ2002ቱ የዓለም ዋንጫ የተሠራውን የሴኡል ስታዲየም በ40,000 ያህል ተመልካች ሞላ። «ፌከር» በሚል ስም የሚታወቀው ሊ ሳንግ-ሄዮክ ከ2013 እስከ 2025 ባለው ጊዜ ዋንጫውን ስድስት ጊዜ አንሥቷል። በ2024 ለንደን ላይ አምስተኛውን ሲወስድ፣ የቻይና ተመልካቾች ሳይቆጠሩ፣ በአንድ ጊዜ የተከታተለው ሕዝብ ወደ 6.9 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ዕድገቱ ይህን ያህል ቢሆንም መሠረቱ ከሌሎች ስፖርቶች ይለያል። እግር ኳስን ማንም ሊጫወተው፣ ማንም ሊግ ሊያቋቁምበት ይችላል፤ የጨዋታው ባለቤት የለም። ጌም ግን የሠሪው ኩባንያ ንብረት ነው። ኮሪያውያን ይህን ቀድመው አይተውታል። ኬስፓ የ«ስታርክራፍት»ን የስርጭት መብት መሸጥ ከጀመረ በኋላ ብሊዛርድ የመብቱ ባለቤት እኔ ነኝ አለ፤ ጠቡ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2011 በስምምነት ተፈታ። በዚያው ሰሞን፣ በ2010፣ ታዋቂ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ጋር ተመሳጥረው ግጥሚያ መሸጣቸው ተጋለጠ። ፕሮሊግ ከሁለቱ ምቶች በኋላም ጥቂት ዓመታት ቢቆይም በ2016 ተዘጋ።

የ«ዶታ 2» ሽልማትም ሌላ ማስረጃ ነው። ቫልቭ ከ2013 ጀምሮ ለውድድሩ ከሚሸጣቸው የጌም ውስጥ ዕቃዎች ገቢ ሩቡን ለሽልማቱ ሲያውል በ2021 ድምሩ 40 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በ2023 ኩባንያው የሽያጩን ዓይነት ሲቀይር ሽልማቱ ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ አሽቆለቆለ። ተመልካቹ አልጠፋም፤ የተለወጠው የአንድ ኩባንያ ውሳኔ ነው። ሥራቸውን በዚህ ገቢ ላይ ያቆሙ ቡድኖችና ወጣት ተጫዋቾች ግን ውሳኔው ሲሰጥ ድምፅ አልነበራቸውም።

አሁን ትልቁ ገንዘብ ከሳዑዲ ዓረቢያ ይመጣል። የመንግሥቱ የኢንቨስትመንት ፈንድ ንብረት የሆነው ሳቪ ጌምስ በ2022 ኢኤስኤልና ፌስኢት የተባሉትን ውድድር አዘጋጆች በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2024 ሪያድ ላይ የተጀመረው የኢ-ስፖርት የዓለም ዋንጫ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት ነበረው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም በ2024 ከአገሪቱ ጋር የኦሊምፒክ ኢ-ስፖርት ጨዋታዎችን ለማዘጋጀት ለ12 ዓመት ተስማምቶ ነበር፤ ውሉ ግን በጥቅምት 2025 ቀረ።

የእስያ ጨዋታዎች ከዚህ ቀደም ብለው በ2023 በቻይናዋ ሃንግዡ ኢ-ስፖርትን ሜዳሊያ የሚያሰጥ ውድድር አድርገውታል። የኮሪያ ወጣቶች በ«ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» ወርቅ በማግኘታቸው ከብሔራዊ ውትድርና ግዴታ ነፃ የመሆን መብት አገኙ። የተኩስ ጌም የሆነው «ፐብጂ ሞባይል» ግን እንዳለ አልገባም፤ ለውድድሩ በተዘጋጀው ልዩ ቅጂ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ መተኳኮሳቸው ቀርቶ እየተሽቀዳደሙ ዒላማ እንዲመቱ ተደርጓል።