በአክሱም ሐውልቶች ሥር

በአክሱም ከተማ የቆሙትም ሆኑ የወደቁት ታላላቅ ሐውልቶች የመቃብር ምልክቶች ናቸው። ከሥራቸው ከድንጋይና ከጡብ የተሠሩ፣ ከአለትም የተፈለፈሉ የመቃብር ክፍሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን ሐውልቶቹንና በጊዜው የሚታዩትን መቃብሮች ለክቶ መዘገበ። ከመሬት በታች ያለው ይበልጥ የተገለጠው ግን ኔቪል ቺቲክ ከ1972 እስከ 1974 ባካሄዱት ቁፋሮ ነው። ሥራው በአብዮቱ ምክንያት ተቋረጠ፤ ቺቲክም ውጤቱን አሳትመው ሳይጨርሱ በ1984 ዐረፉ። ዴቪድ ፊሊፕሰን ወደዚያው ቦታ ተመልሰው መቆፈር የቻሉት በ1993 ነበር።

ከተገኙት ሁሉ ግዙፉ ከትልቁ ሐውልት አጠገብ ያለው ባለ ብዙ ክፍል መቃብር ነው። በር አስመስለው ከጠረቡት የጥቁር ድንጋይ መግቢያ ጀምሮ ረጅም መተላለፊያ ይዘልቃል፤ በግራና በቀኙ አምስት አምስት ክፍሎች አሉ፤ ጣሪያው ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ሐውልቱ ራሱ 33 ሜትር ገደማ ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት አለው። ብዙ ተመራማሪዎች ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ያምናሉ። ሲወድቅ ያረፈው ነፋስ መውጫ በተባለው ሌላ መቃብር ክዳን ላይ ሲሆን፣ ይህ ክዳን ብቻውን ከ300 ቶን በላይ እንደሚመዝን ይገመታል።

ለቆፋሪዎቹ ብዙ ዕቃ የሰጠው ግን አነስ ያለው ባለ ጡብ ቅስት መቃብር ነው። ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ሲሆን፣ ክፍሎቹ በተተኮሰ ጡብ በተሠሩ ቅስቶች ይለያያሉ። ዘራፊዎች በጥንት ዘመን ገብተውበታል። ዘራፊ የሚሻው ወርቅ ስለሆነ፣ ለአርኪዮሎጂ ከወርቅ የሚበልጠውን ትቶ ሄዷል፦ የሸክላ ዕቃ፣ የብርጭቆ ስብርባሪ፣ የብረታ ብረት ቅሪት፣ የወይን ሐረግና እንስሳት የተቀረጹበት የዝሆን ጥርስ። የዝሆን ጥርሱ ከፊሉ የክብር ወንበር አካል እንደነበረ ይታሰባል።

እንዲህ ያለ ቦታ በጥድፊያ አይቆፈርም። አፈሩ በየንብርብሩ ይነሣል፤ እያንዳንዱ ስባሪ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ይመዘገባል፤ አፈሩም በወንፊት ይነፋል። አንድ ሳንቲም ከቦታው ሳይነቃነቅ ከተገኘ፣ በላዩ ያለው ንብርብር ሳንቲሙ ከተመታ በኋላ የተከማቸ መሆኑን ይመሰክራል። ከሰል ከተገኘ ደግሞ በሬዲዮካርቦን ዕድሜው ይለካል። በዚህ መንገድ ባለ ጡብ ቅስቱ መቃብር በ4ኛው መቶ ዘመን እንደተሠራ ተረጋግጧል። ዘራፊ ያገላበጠው አፈር ግን ይህን ሁሉ ያምታታል፤ የዘረፋው ትልቁ ጉዳትም ይኸው ነው።

ወደ ሮም ተወስዶ የነበረው ሐውልት በ2005 ሲመለስ፣ ከመተከሉ በፊት መሬቱ ሳይቆፈር በመሣሪያ ተመረመረ፤ እስከዚያ ድረስ የማይታወቁ የመቃብር ክፍሎች መኖራቸውም ታወቀ። ሐውልቱ በ2008 ተተከለ።

መቃብሮቹ የእነማን እንደነበሩ የሚናገር ጽሑፍ በእነዚህ ሐውልቶች ላይ የለም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይ ጎን ለጎን የሚገኙት ሁለት መቃብሮች የዐፄ ካሌብና የልጃቸው የዐፄ ገብረ መስቀል የተባሉትም በትውፊት ነው፤ ግንባታቸው ከ6ኛው መቶ ዘመን ጋር ይስማማል። ያም ሆኖ፣ ካሌብ ዙፋናቸውን ትተው እንደመነኮሱና በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደተቀበሩ የሚናገረውም ያው ትውፊት ነው።