ማድ ቤትን ከሳሎን ጋር ስለ ማገናኘት

በዛሬው ጊዜ ቤታቸውን የሚያድሱ ብዙ የከተማ ሰዎች የጓሮውን ማድ ቤት ትተው ምድጃውን ያለ ግድግዳ ከሳሎን ጋር ያገናኙታል። የቤቱ እመቤት እየሠራች ልጆችዋን ለመጠበቅ ስለምትችል አሳቡን እንደግፈዋለን። ነገር ግን የጓሮው ማድ ቤት ጢሱን ከመኖሪያው ያርቅ ነበር፤ ይበልጥ የሚጎዱትም ጋጋሪዋና ያዘለችው ሕፃን ነበሩ። ግድግዳው ሲቀር ጢሱ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይዳረሳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ጢስ ጠንቅ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

ስለዚህ አስቀድሞ መለወጥ የሚገባው ማገዶው ነው። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ቤት፥ በቂ መስኮት ካለው፥ ግድግዳውን ሊያነሣ ይችላል። እንጨት የሚያነድ ግን ማድ ቤቱን በጓሮ ያቆይ፤ ከጣራ በላይ የሚዘልቅ የጢስ መውጫም ያብጅለት።

ከሰልማ ጢሱ ስለማይታይ ያዘናጋል። ፍሙ ከቀላ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፥ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ቤት የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። የቡናው ፍም በርና መስኮት ሳይከፈት በቤት አይቀመጥ፤ ሌሊትም በደጅ ይደር። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱልን እናሳስባለን።